በለምጻሙ ስምዖን ቤት

በሰሙነ ሕማማት ውስጥ የሚውለው ረቡዕ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከአንድ በላይ ስም አለው። የአይሁድ አለቆች ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስን ለመያዝ የተማከሩበት ዕለት በመሆኑ ምክረ አይሁድ ይባላል። አንዲት ሴት ዋጋው የከበረ ሽቱ ያፈሰሰችበት በመሆኑ የመልካም መዓዛ ቀን፣ ስላለቀሰችበትም የእንባ ቀን ይባላል። በዚሁ ዕለት በየዓውደ ምሕረቱ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች ላይ ያተኩራል፤ ሽቱውን ባፈሰሰችው ሴትና መምህሩን በሠላሳ ብር ለመሸጥ በተነሣው በይሁዳ ላይ። ይህ ሁሉ የሆነበት ቤት ባለቤት ግን እምብዛም ሲወሳ አንሰማም። ቤቱ በቢታንያ ነበር፤ ባለቤቱም ለምጻሙ ስምዖን ይባል ነበር።

ስምዖን በዚያን ጊዜ በደዌው ላይ የነበረ አይመስለንም። በኦሪቱ ሥርዓት መሠረት ለምጽ የወጣበት ሰው ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይቀመጥ ስለነበረ እንግዳ ጠርቶ ማዕድ ሊዘረጋ አይችልም። እንግዲያውስ ከደዌው ነጽቶ ነበር ማለት ነው። በጌታ እጅ ከዳኑት አንዱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ መምህራንም አሉ። የሚያስገርመው ግን ደዌው ሲለቀው ስሙ አለመልቀቁ ነው። ወንጌላውያኑ ታሪኩን ሲጽፉ የሚለዩት በዚያው በቀድሞ መጠሪያው ነው። ስምዖን ይህን ስም ተሸክሞ በሩን ከፈተ፣ ማዕድ ዘረጋ፣ መከራው ሁለት ቀን ብቻ የቀረውን እንግዳም በቤቱ ተቀበለ።

በዚህ የትንሣኤ በዓል ስለ ሰው ልጅ ድካምና በእምነት ስለሚገኘው ብርታት ለመጻፍ ስናስብ ከስምዖን ቤት መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሻሸመኔ ይህን የሚመስል ታሪክ ከተፈጸመ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከመዲናይቱ በሞጆና በአርሲ ነገሌ አድርጎ የሚመጣው አውራ ጎዳና እዚያ ሲደርስ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ ወደ ባሌ፣ ሌላውም ወደ ወላይታ ሶዶ ይከፈላል። የከተማይቱ ስም በኦሮምኛ «የሻሼ ቤት» ማለት እንደሆነና ሻሼ የተባለች፣ መንገደኛ የምታሳድር ሴት በስፍራው ትኖር እንደነበረ በቃል ይነገራል። የባሕር ማዶው ሰው ከተማይቱን የሚያውቃት ከካሪቢያን ደሴቶች መጥተው በዚያ በሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ምክንያት ነው። እኛ የምናነሣቸው መጤዎች ግን ስማቸው በጋዜጣ ያልወጣ፣ ፎቶግራፍ አንሺም ያልተከተላቸው ናቸው። ሻሸመኔ የገቡት በሥጋ ደዌ ተይዘው ነው።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌላውያን ሚሲዮን በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው አልነበረም። በሐረር የካፑቺን ካቶሊካውያን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1901 መጠለያ አቋቁመው ነበር። በአዲስ አበባም ከጠላት ወረራ በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ተሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተመሠረተው በዚሁ ስፍራ ነው። በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ በሐረርጌ ደግሞ ቢሲዲሞ ተከትለዋል። ለደቡቡ የአገራችን ክፍል ግን በሩ ሻሸመኔ ነበር። ያ ሆስፒታል ዛሬ በመንግሥት እጅ ሆኖ ማንኛውንም ሕመምተኛ የሚያስተናግድ ሪፈራል ሆስፒታል ስለሆነ፣ ለወሊድም ሆነ ለአጥንት ስብራት የሚመጣው ሰው መሠረቱ ለማን እንደተጣለ ላያውቅ ይችላል።

ሆስፒታሉ በተከፈተበት ዘመን በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ከፊቱ የነበረው ዕጣ ምን እንደነበረ የዛሬው ወጣት በቀላሉ አይገምተውም። በሽታው በዘር ይወርዳል፣ የእርግማን ፍሬ ነው፣ ወይም የኃጢአት ዋጋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በየከተማው ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትና ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ሰዎች እንኳን የሚያዜሙት ዜማውን ቢተዉ ደዌው ይይዘናል ብለው በመስጋት እንደሆነ ሲነገር የኖረ ነው። ፍርሃቱ ከአባት ወደ ልጅ በዜማ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ፍርሃት ነፃ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከተጋቢዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ያለበት ሆኖ ሲገኝና ሌላው ይህን ሳያውቅ ተጋብቶ ሲሆን፣ ጋብቻው በስሕተት ምክንያት እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚቻል በሽታውን በስም ጠርቶ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ስም አስቀርቶታል። በሁለቱ መካከል አርባ ዓመት አለ።

ስለ ደዌው ራሱ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ አለዚያ ስለ ድካም የምንናገረው ከአየር ላይ ይሆናል። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታው ምክንያት በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ መሆኗን አገኘ። ባክቴሪያዋ የምታጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር መሰማት ያቆማሉ። ከምድጃ ላይ ጀበና የምታወርድ እናት እጇ ሲቃጠል አይሰማትም፤ ሽታው ነው የሚነግራት። እርሻ የዋለ ገበሬ በእግሩ የገባውን እሾኽ የሚያየው ማታ ደም ሲያይ ነው። ጣቶች በበሽታው ተቆርጠው የሚወድቁ ይመስለን የነበረው ሁሉ ስሕተት መሆኑን በሕንድ አገር በቬሎር ያገለግል የነበረው ክርስቲያኑ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ አስረድቷል። ጣት የሚያልቀው ሳይታወቅ በሚደርስበት ቃጠሎ፣ ቁስልና ማመርቀዝ ነው። እንግዲህ ሥጋ ደዌ ሕመምን የሚያመጣ ሳይሆን ሕመምን የሚወስድ በሽታ ነው ማለት ይቻላል፤ የሰውን አካል የሚያፈርሰውም ያ የሕመም መጥፋት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛው መልእክቱ ሥጋውን ስለሚጎስም መውጊያ ይናገራል። መውጊያው ምን እንደነበረ አልገለጠም፤ መተርጉማኑም በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ከእርሱ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ጌታን እንደለመነ፣ የተሰጠው መልስ ግን መውጊያውን የሚነቅል ሳይሆን ጸጋው እንደሚበቃው የሚያረጋግጥ እንደነበረ ግን ይነግረናል። ይህ ክፍል በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየጸሎት ቤቱና በየሐዘን ቤቱ ይነበባል። ብዙ ሰው ተጽናንቶበታል። ነገር ግን በእኛ አስተያየት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጤነኛ ሰው በሌላው ሰው ሕመም ላይ ቆሞ ሕመምን ሲያሞግስ መስማት አይመቸንም። ጳውሎስ ስለ መውጊያው የተናገረው ራሱ እየተወጋ ነው። ከተወጋው ሰው አፍ የወጣውን ቃል ያልተወጋው ሰው ለሌላው እንደ ትእዛዝ ሲያስተላልፈው ቃሉ መጽናኛነቱን ያጣል።

ስለ ቅዱስ ገብረ ክርስቶስም ይህንኑ ማለት እንችላለን። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን የምታስበው ይህ ጻድቅ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ እንደነበረ፣ በሠርጉ ሌሊት ሙሽርነቱን ትቶ እንደወጣ፣ ሀብቱን ለድሆች መጽውቶ ሥጋው በቁስል ተመትቶ ለማኝ እንደሆነ በገድሉ ተጽፏል። በመጨረሻም ተመልሶ ማንም ሳያውቀው በገዛ አባቱ ደጅ 15 ዓመት ተኛ። አሽከሮቹ እጣቢ ይደፉበት ነበር፤ ውሾቹ ግን ቁስሉን ይልሱለት ነበር። ማንነቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ፣ ታሪኩን ከጻፈበት ክርታስ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይህን ጻድቅ ከማንም ይልቅ የራሳቸው አድርገውታል፤ በአዲስ አበባም በዘነበወርቅ አካባቢ በስሙ ቤተ ክርስቲያን አለ። እርግጥ ነው፣ ገብረ ክርስቶስ መከራውን ለምኖ ተቀበለው፤ ሻሸመኔ የገቡት ሰዎች ግን አልለመኑትም። ሕሙማኑ በእርሱ ታሪክ ውስጥ የሚያዩት ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል። ይኸውም በደጅ የወደቀው ሰው የቤቱ ልጅ መሆኑ ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው ቁስሉን ያያል እንጂ ልጅነቱን አያይም፤ ልጁ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። በገዛ ዘመዱ ተክዶ ሆስፒታል ለገባ ሰው ይህን ያህል ትልቅ ስንቅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በሻሸመኔው ሆስፒታል ሕሙማኑ ያገኙት ብርታትም ከዚህ የራቀ አልነበረም ብለን እናምናለን። በእነዚያ ዓመታት የነበረው መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ ለዓመታት፣ ለብዙዎችም ለዕድሜ ልክ የሚዋጥ። በአንድ ጀንበር የሚገኝ ፈውስ ስላልነበረ ጸሎቱም የአንድ ቀን ጸሎት አልነበረም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማውና ወላይታው በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተው ቁስላቸው ይታጠብ ነበር። በሚሲዮኑ ዘንድ ከሕክምናው ጋር መዝሙርና የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ስለነበረ፣ ዛሬ ቃለ ሕይወት በሚል ስም የምናውቃት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከየመንደሩ ሲሰባሰቡ ከሕሙማኑም መካከል የሚቀላቀሉ ነበሩ። ኦርቶዶክሳዊው በበዓላቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄድ ነበር፤ ሙስሊሙም በራሱ እምነት ይጸና ነበር።

በዚያ ዘመን በነበሩት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች የተለመደ አንድ አሠራር ነበር፤ እኛም ከሁሉ አስበልጠን የምናየው ይህንኑ ነው። ሕመሙ የተሻለው ሰው ቁስል ማጠብና መጠቅለል ይማርና ድሬሰር ይሆን ነበር። የራሱ ጣቶች ያጠሩ ሰው በቀሩት ጣቶቹ አዲስ የመጣውን ሰው እግር ይዞ ያጥባል። አዲሱ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን የሚያየው እንግዲህ ነጭ ካፖርት የለበሰውን የባዕድ አገር ሐኪም ብቻ አልነበረም፤ በእርሱው ደዌ አልፎ በሁለት እግሩ የቆመ ሰውም ጭምር ነበር። ደዌው ከአካሉ ላይ የወሰደው አልተመለሰለትም፤ መውጊያው አልተነቀለም። ሆኖም ተቀባይ ብቻ የነበረው ሰው ሰጪ ሆነ። እኛ በእምነት የሚገኝ ብርታት ስንል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳን አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀርቷል። የዳነ ሰው የት ይሂድ? በዘነበወርቅ፣ በቦሩ ሜዳ፣ በቢሲዲሞም ሆነ በሻሸመኔ የታየው አንድ ነው። ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰው ብዙውን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው፤ ሚስት አግብታ፣ መሬት ተከፋፍሎ፣ ስሙ ከዘመድ መካከል ተፍቆ አገኘው። ስለዚህ ተመልሶ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፤ ከመሰሎቹ ጋር ተጋብቶ ልጆች ወለደ፤ ልጆቹም ጤነኞች ሆነው አደጉ። ዕድርና የጽዋ ማኅበር አቋቁመው ሙታናቸውን በክብር ቀበሩ። እዚህ ላይ የስምዖን ነገር ትዝ ይለናል፤ ደዌው ለቆ ስሙ ያልለቀቀው ሰው። ጎጆው የሠርግና የክርስትና ድግስ የሚደገስበት፣ እንግዳ የሚገባበት ቤት ሆነ፤ የከተማው ሰው ግን ሰፈሩን በደዌው ስም መጥራቱን አልተወም። በ1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው ይህን የመሰለውን መገለል ተጠቂዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ድምፅ እንዲታገሉት ነው።

እንግዲህ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ እንለፍ። ጸሎተ ሐሙስ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነውና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈጸም ታላቅ ሥርዓት ነው። ስሜት ላጣ እግር ግን ይኸው ሥርዓት የየዕለት ሕክምናው ነው። ሐኪሞቹ የሚመክሩት እግርን በየቀኑ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ በድንጋይ ማለስለስ፣ ከዚያም ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት ነው። ከሁሉ በፊት ግን እግርን ማየት ያስፈልጋል፤ የማይሰማውን በዓይን መፈለግ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአለርት የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አማካይነት ተጠቂዎቹ በየአካባቢያቸው በቡድን እየተሰባሰቡ ራሳቸውን እንዲንከባከቡ ተደርጓል። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ቁስል የተገኘበት ሰው ምን ሆኖ እንደቆሰለ ይጠየቃል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድኖ እንደሆነ ይታያል። ማንም በራሱ ጫማ ውስጥ ያለውን ለመሸሸግ አይችልም።

በአደባባይ የደካማ ጎኑን መሸሸግ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገመናን መሸፈን ከሕፃንነታችን የተማርነው ምግባር ነው። ብዙዎቻችን የምንጸልየውም ድካማችን ሰው ሳያየው እንዲወገድልን ነው። በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ግን የተደበቀ ቁስል እግርን ያሳጣል፤ የታየ ቁስል ይድናል። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ይህንን ያወቁት በመጻሕፍት ሳይሆን ባጡት ጣት ነው።

አርብ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የስቅለቱን ነገር ስታነብ ጎልጎታ ከከተማው ቅጥር ውጭ እንደነበረ ታስታውሰናለች። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎቻችንም ሲሠሩ ሁሉም ከከተማ ዳር ነበሩ። ከተሞቹ እያደጉ መጥተው አጠገባቸው ደረሱ እንጂ እነርሱ ወደ ከተማ አልገቡም።

የጾሙን ወራት ወደ ኋላ ስንመለከት አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል፤ ለ38 ዓመት በአልጋ የኖረው፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው ሕመምተኛ የሚታሰብበት ነው። ያ ሰው የተጨነቀው ስለ ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የለኝም ብሎ ነው የተናገረው። በዛሬው ዘመን የሥጋ ደዌ መድኃኒት እንደ ጥንቱ የዕድሜ ልክ ሸክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት እንደ ሕመሙ ዓይነት በስድስት ወር ወይም በአሥራ ሁለት ወር ያድናል፤ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠውም ያለ ክፍያ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሽታው ከ10 ሺህ ሰው ከአንድ በታች የሚገኝበት ደረጃ ላይ ደርሳለች። ሆኖም ከዚያ ወዲህም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ሲገኙ ቆይተዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ሕክምና የሚመጡት ነርቫቸው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እፍረት ነው።

የፋሲካ ሰሞን ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ነውና አንድ ነገር ለማስታወስ እንወዳለን። በቆዳ ላይ ከሌላው ገላ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነካም የማይሰማ ምልክት ያለበት ሰው ቢገኝ ነገሩ መደበቅ የለበትም። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የሚጸልይም ይጸልይ፤ ክኒኑንም ይዋጥ። በጾም ላይ ነኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ቢኖር፣ ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ሕሙማንን ከጾም እንደሚያሰናብት የንስሐ አባቱ ይነግሩታል። መድኃኒቱ በተጀመረ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመምተኛው ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ስለሚያቆም አብሮት መብላትም ሆነ አብሮት ማደር አያስፈራም። የወሩ መድኃኒት በአንድ ማሸጊያ የ28 ቀን ሆኖ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀን ድርሻ የሚዋጠው በጤና ባለሙያው ፊት ነው፤ የቀሩት 27 ቀናት ድርሻ በቤት፣ በቤተሰቡ መካከል ይዋጣል።